ጋሽ ሜትርና የእኛ አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር

የትም ከተማ፣ የትም ሰፈር ብትገቡ መብራት ላይኖር ይችላል፤ ውኃ በሳምንት አንዴ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ የመንገዱ ጉድጓድ መኪና ሊውጥ ይችላል። የጎረቤቱን ጥፋት በሴንቲሜትር የሚያውቅ አንድ ሰው ግን አይጠፋም። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። አላውቀውም የሚል ካለ ወይ አጥር የለውም፣ ወይ ያ ሰው ራሱ ነው።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሽ ሜትር ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን አሁን የሚያውቀው የጡረታ ደብተራቸው ብቻ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በማዘጋጃ ቤት ቀያሽነት ሠርተዋል። ጡረታ ሲወጡ መሣሪያውን ሁሉ አስረክበው፣ ባለ ሃምሳ ሜትሩን የጨርቅ ሜትር "ይሄ የራሴ ነው" ብለው ይዘውት ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሜትር ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። ሰው ከዘራ ይይዛል፣ እሳቸው ሜትር ይይዛሉ።

ሜትር ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው፤ እሳቸው አንድ ናቸው። ስለዚህ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ የግድ ረዳታቸው ነው። "እስቲ ጫፉን ያዢልኝ" ይሉሻል፤ እሺ እስክትዪ አይጠብቁም፣ ጫፉ እጅሽ ውስጥ ነው። ዳቦ ታቅፌ ይዣለሁ፣ ዝናብ እየወረደብኝ ይዣለሁ፣ አንድ ጊዜ ለሥራ ፈተና ረፍዶብኝ እየሮጥኩ አስቁመውኝ ይዣለሁ። ምስጋና የለም። "ቀጥ አድርጊው። አትሳቢ! አሁን ሳቢ። ኤዲያ፣ አበላሸሽው፣ እንደገና!" ሥራውን አላገኘሁትም፤ የፖስታ ቤቱ የእግረኛ መንገድ ግን ከሚገባው ሰባት ሴንቲሜትር እንደሚጠብ በዚያ ቀን አውቄያለሁ።

ሁለተኛው አመላቸው "በግምት አትንገሪኝ" ነው። "ወደ አሥር ሰዓት ገደማ እመጣለሁ" ያላቸው ሰው አለቀለት። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን አንድ ጊዜ "ሱሪዎ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይደርሳል" ቢላቸው፣ "ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ?" ብለው ጠየቁት። "ያው በግምት እኮ ነው ጋሼ" ሲላቸው፣ አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋውን ሱሪ ነጥቀውት ወጡ። ለሳምንት ያህል ሱሪው በመስኮታቸው ላይ ተሰቅሎ አይተነዋል፤ ማን እንደተቀጣበት እስካሁን አልገባኝም።

ሰላምታቸውም በቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቤት ከተመዘገበለት ወሰን ስንት ሴንቲሜትር ወደ መንገዱ እንደወጣ ያውቃሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ ቁጥራችንን ይጠሩታል። ልብስ ሰፊውን "እንዴት አደርክ፣ ሠላሳ አንድ?" ይሉታል፤ የሱቁ ደረጃ ሠላሳ አንድ ሴንቲሜትር መንገድ ላይ ነዋ! ዳቦ ጋጋሪዋን "ደህና አደርሽ፣ ስድሳ?" ይሏታል፤ እሷ ደግሞ የማገዶ ማስቀመጫዋን ወደ ውጭ ገፍታ ነው የሠራችው። እኛ አሥራ ስምንት ነን። አጥራችን በአሥራ ስምንት ሴንቲሜትር መንገዱን ነክቷል ነው ነገሩ። ይህን እየሰማሁ ስላደግኩ፣ ትምህርት ቤት ገብቼ ቁጥር ስንማር መምህሯ አሥራ ስምንት ላይ ስትደርስ "አቤት" ብያለሁ።

አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር ማለት እኮ አንድ ስንዝር አይሞላም! አንድ ቀን ቢቸግረኝ፣ "ጋሼ፣ ይቺን ስንዝር የማትሞላ መሬት ምን ልናደርጋት ነው? በፈጠረዎ ይተዉን!" አልኳቸው። ቆም ብለው በመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ "ስንዝር ካልሞላች መመለሱ ምን ያስቸግራል?" ብለውኝ ሄዱ። በንዴት ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።

እማዬ ዳሌዋን ተሰብራ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ሊጠይቋት መጡ። ሰው ታማሚ ሲጠይቅ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ሜትራቸውን ይዘው መጡ። ገና ሰላምታ ሳያልቅ በእማዬ አልጋና በጎረቤት አልጋ መካከል ዘረጉት። ጫፉን ያስያዙት ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? ከጎኗ የተኛችውን፣ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ የተሰካባትን ሴትዮ! "ዘጠና!" ብለው ጮኹ፤ "አንድ ሜትር ከሃያ መሆን ነበረበት፣ ሠላሳዋ የት ሄደች?" ነርሷ ገፍታ ልታስወጣቸው ምንም አልቀራት፤ እኔም በእፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በነጋታው ስሄድ የእማዬ አልጋ ወደ መስኮቱ ተስቦ አገኘሁት። "አየር አገኘሁ" አለችኝ። ያኔም አላመሰገንኳቸውም።

ለራሳቸውም አይራሩም፣ ይህን መካድ ግፍ ይሆንብኛል። ከእኛ ፊት ለፊት ባለው የመንገዱ ወገን ያለው ቤት የሳቸው ብቻ ነው፤ ከሳቸው ቀጥሎ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ አሁን ባዶውን የቆመ የማዘጋጃ ቤት ረጅም ግንብ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ፊተኛው ክፍል ወደ መንገዱ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ጠዋት ጠዋት እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ድሮ በረንዳም ነበራቸው። አንድ ቀን የራሳቸውን ለክተው አርባ ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ወጥተው አገኙት፤ በሳምንቱ በረንዳውን በገዛ እጃቸው አፈረሱት። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ከመስኮቱ ሥር ሳይነሳ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ዝናቡ እንዳባራ በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ትልቅ ካርታ ተለጠፈ። ሰፈራችን ከመኖሪያነት ወደ ንግድና መኖሪያ ተለውጧል፤ ስድስት ሜትር የነበረው መንገዳችን አሥራ አራት ሜትር ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ባለ አምስት ፎቅ ይሠራበታል። ቅሬታ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያቅርብ፤ ከዚያ በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ይደረጋል። ካርታው ላይ አንድ ቀይ መሥመር አለ። መሥመሩ በእኛ ወገን ባሉት ሰባት ቤቶች ላይ በተርታ ያልፋል። የእኛ ቤት ላይ ሲደርስ በእማዬ አልጋ ራስጌ ገብቶ በግርጌ ይወጣል።

ቤቶቻችን ጠባብ ስለሆኑ ከመንገዱ የሚተርፈው ቦታ ለቤት አይበቃም ተባለ። ሰባታችንም ተነስተን ከከተማው ዳር፣ አውቶቡስ ገና ያልደረሰበት ሜዳ ላይ ምትክ ይሰጠናል። እማዬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትሄደው ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ነው። ከአልጋዋ እስከ ወጥ ቤቱ ያለውን ግድግዳ እያንዳንዱን እብጠትና ስንጥቅ በመዳፏ ታውቀዋለች፤ ያለ እኔ እርዳታ ሽንት ቤት የምትደርሰው በዚያ ነው። ካርታውን ስነግራት አላለቀሰችም። "ሌላ ቤት ውስጥ በምን እሄዳለሁ?" ብቻ ነው ያለችኝ። እኔ ነኝ ወጥ ቤት ገብቼ ያለቀስኩት።

ካርታው በተለጠፈ ቀን ጋሽ ሜትርን ሰሌዳው ፊት ቆመው አይቻቸዋለሁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው፣ እንደገና አወለቁ። በነጋታው ጠዋት በራችን ላይ ቁጥር የጠራ ሰው አልነበረም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "አሥራ ስምንት" ሳልባል ዋልኩ፤ ብታምኑም ባታምኑም ቅር አለኝ።

ሰባቱ ቤቶች እኛ ግቢ ተሰበሰብን። ልብስ ሰፊው ከሁሉ ቀድሞ ተናገረ። "ስንት ዓመት ሙሉ በሜትራቸው ሲያቃጥሉን ኖረዋል፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀሙን! ካርታው ስህተት ካለው ከሳቸው ሌላ የሚያገኘው የለም።" እኔ ተላክሁ። በራቸውን አንኳኳሁ፤ በጣም ቆይተው በጥቂቱ ከፈቱት።

"ጋሼ፣ መንገዱን ይለኩልን እንደሆነ ብለን…"

"ታምሜያለሁ" አሉኝ።

"ምንዎን ነው ያመመዎ?"

"አሞኛል አልኩሽ እኮ!" ብለው በሩን ዘጉት። ከኋላቸው በበሩ ስንጥቅ ያየሁት ባዶውን ወንበርና መስኮቱን ነው። ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው ልብስ ሰፊው፣ "አዬ፣ ሰው ሲቸገር ነው የሚታወቀው" አለ፤ ሁላችንም ስማቸውን አንስተን ስናብጠለጥላቸው አመሸን። እኔም ከማንም አላነስኩም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ሜትር ናቸው፤ ጺማቸውን ተላጭተው፣ የድሮ የሥራ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ የልኬት ደብተር በብብታቸው ይዘው።

"ጫፉን ያዢልኝ" አሉኝ።

ሦስት ቀን ለካን። በከተማችን ሁሉም መንገድና ይዞታ የሚለካው ድሮ ከተተከሉ የመነሻ ድንጋዮች ነው፤ አናታቸው ላይ መስቀለኛ ጭረት ያለባቸው ጥቁር ድንጋዮች ናቸው። አንዱ ድልድዩ ጋ አለ፣ አንዱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፤ የእኛ ሰፈሩ ደግሞ የእኛ አጥር ማዕዘን ላይ ነው። በልጅነቴ እላዩ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት፤ የአባቴ ርስት ይመስለኝ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ አዲሱን መንገድ ያሠመረው ከዚሁ ድንጋይ ተነስቶ ነው። ጋሽ ሜትር ከድልድዩ ለኩ፣ ከትምህርት ቤቱ ለኩ፣ ደብተራቸውን ገለጡ፣ እንደገና ለኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰባቱ ቤቶች ተሰብስበን ቆመን ሳለ፣ መንገዱ መካከል ድረስ ሄደው በቦት ጫማቸው ተረከዝ መሬቱን ወጋ አደረጉት።

"ድንጋዩ የነበረው እዚህ ነው" አሉ። "ሦስት ሜትር ከአርባ ተንቀሳቅሷል፣ ወደ እናንተ በኩል። መንገዱም አብሮት ሦስት ሜትር ከአርባ መጥቶባችኋል።"

ልብስ ሰፊው ዘሎ አቀፋቸው። "እሰይ! እድሜ ይስጥዎ! ታዲያ በትክክል ቢለካ ይለቀናል ማለት ነው?"

"ይለቃችኋል።"

"ሰባታችንንም?"

"ሰባታችሁንም።"

"ወዴት ሊሄድ ነው ታዲያ?"

እሳቸው ሜትሩን ከእጄ ተቀብለው እየጠቀለሉ በአገጫቸው ወደ ገዛ ቤታቸው፣ ወደዚያ ሰፊ መስኮት ጠቆሙ። የመጋዘኑ ግንብና የሳቸው ፊተኛ ክፍል ማለት ነው። ልብስ ሰፊው እንኳ፣ ያ አፉ የማይከደነው ሰውዬ፣ አንገቱን ደፋ።

ኋላ ላይ ቀስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ለምን ግማሽ ግማሽ አናደርገውም?" አለ። "እኛም ትንሽ እንገባለን፣ እርስዎም ትንሽ… በግምት እንኳ ብንካፈለው…"

"በግምት አትንገረኝ" አሉትና ወደ ቤታቸው ገቡ።

እማዬ ይህን ሁሉ ከደጃፍ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ሰዎቹ ሲበተኑ ጠራችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። "ድንጋዩን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ" አለችኝ።

ነገሩን አጫወተችኝ። አባቴ የሞተ ዓመት ነው፤ እኔ አምስት ዓመቴ። የእህል መኪኖች ወደ መጋዘኑ ሲታጠፉ አጥራችንን እየነኩ በየወሩ ይጥሉት ነበር። የሚያቆምላት ባል የለም፣ አቤት የምትልበት የለም። ሦስት የቀን ሠራተኞች ይዛ መንገዱ መካከል አናቱ ብቻ ወጥቶ ተቀብሮ የነበረውን ጥቁር ድንጋይ በአንካሴ አስነቅላ አጥሯ ማዕዘን ላይ አስተከለችው፤ መኪኖቹ እሱን ፈርተው እንዲዞሩ። ዞሩላትም። አጥሯን ልታድን ብላ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መንገዱን አልጋዋ ላይ እንደምትጠራው በምን ታውቃለች?

"ማንም አላየሽም?" አልኳት።

"አይተውኛል" አለች። "እሳቸው፣ ከመስኮታቸው። የዚያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ነበሩ፤ ማስመዝገብ ሥራቸው ነው። አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ ከመስኮቱ ብቅ ብለው 'ጣትሽን እንዳይቀጠቅጥሽ' አሉኝና ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።"

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እማዬ በምርኩዝ ተደግፋ፣ ካልወሰድሽኝ ብላ መጥታለች። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ፣ ትሑት ወጣት ነው፣ ካርታውን ግድግዳው ላይ አብርቶ ድንጋዩ በመዝገብ ያለ መነሻ መሆኑን አስረዳ። ጋሽ ሜትር ተነስተው ደብተራቸውን ገለጡ። ከድልድዩ ይህን ያህል፣ ከትምህርት ቤቱ ይህን ያህል፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ጫፍ የያዘው ሰው ስም ሳይቀር ተጽፏል። መሐንዲሱ እያዳመጠ ኮምፒውተሩ ላይ መታ መታ አደረገና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ቁጥሩ ልክ ነው ማለቱ ነው።

ሰብሳቢው ግን ተቆጡ። "መልካም፤ ድንጋዩ ተንቀሳቅሷል እንበል። ማነው ያንቀሳቀሰው? የመነሻ ድንጋይ መንቀል በሕግ ያስጠይቃል። ከቅሬታ አቅራቢዎቹ አንዱ ሆኖ ከተገኘ ቅሬታው ውድቅ ነው፤ ሰው ራሱ ባጠፋው አይከራከርም።"

ከጎኔ የእማዬ ምርኩዝ ወለሉን ሲፈልግ ሰማሁት። ልትነሳ ነው። እጇን ያዝኳት፣ አስለቀቀችኝ።

"ጎርፍ ነው" አሉ ጋሽ ሜትር።

"ምን አሉ?"

"ጎርፍ ነው የወሰደው።"

መሐንዲሱ ካርታውን ቀና ብሎ አየ። "አባቴ፣ ቦታው እኮ ሽቅብ ነው። ጎርፍ ድንጋይ ሽቅብ ይወስዳል?"

"ኃይለኛ ጎርፍ ነበር" አሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጋሽ ሜትር አልሳቁም፤ ጆሮዎቻቸው ቀልተዋል።

"መቼ ነው ይሄ ጎርፍ?" አሉ ሰብሳቢው እስክሪብቶአቸውን አዘጋጅተው።

ያን ጊዜ የሰማሁትን እስክሞት አልረሳውም። ያ የሱሪ ቀጠሮ በግምት ቢነገራቸው አንድ እግር ሱሪ ነጥቀው የሄዱ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ "በግምት ሠላሳ ዓመት ይሆናል" አሉ።

"እርስዎ ያኔ ቀያሽ ነበሩ። ለምን አላስመዘገቡም?"

"ዘነጋሁት።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ?"

"ዘነጋሁት አልኩ። ቀያሹ ዘንግቶ ነው ብላችሁ ጻፉ።"

ተጻፈ። መሐንዲሱ እማዬን አየ፣ ምርኩዟን አየ፣ ጋሽ ሜትርን አየና ኮምፒውተሩን ከደነው። ሌላ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ሁለት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ "አይ ሽማግሌው፣ ለካ እንዲህ ነው ሲሠሩ የኖሩት!" ሲባባሉ ሰማሁ። እሳቸውም ሰምተዋል። ሜትራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በግድግዳው ጥግ አለፉ።

ከሁለት ወር በኋላ ድንጋዩ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ፣ ቀዩ መሥመርም አብሮት ሄደ። የመጋዘኑ ግንብ በአንድ ቀን ወደቀ። በማግስቱ ተራው የጋሽ ሜትር ፊተኛ ክፍል ሆነ፤ የኋላው ክፍል ለብቻው ይቆማል ተብሎ ተፈቅዶላቸዋል፣ ሦስት በአራት የምትሆን፣ መስኮቷ ወደ ሰው ግንብ የምታይ። ዕቃውን እኛው ተጋግዘን አወጣን። ወንበሩን ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም፤ ራሳቸው ተሸክመው አሻገሩትና የሚያስቀምጡበት ቢያጡ እኛ በር ላይ አኖሩት። እማዬ "ይቀመጡበት እንጂ" አለቻቸው። "የሷ ነው" አሉና ቆመው ቀሩ።

ማፍረሻ መኪናው ሥራ ሲጀምር ግን አላስቻላቸውም። ሮጠው አቧራው ውስጥ ገቡ። "ቁም! ቁም አንተ! አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር አልፈሃል! የኋላዬን ልታፈርስ ነው?" ሾፌሩ ወርዶ ይሳደባል፤ እሳቸው ጫፉን አስይዘውት ይለካሉ። አሥራ ሁለት ሆኖ ተገኘ። መስኮቱ ሲወድቅ ጀርባቸውን ሰጥተው ሜትሩን ይጠቀልሉ ነበር፤ ያ ሜትር ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

አቧራው ሲሰክን መጥተው ከእማዬ ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ኋላ እማዬ፣ "ጎረቤቴ፣ ለምን ያን ጊዜ ዝም አሉኝ?" አለቻቸው።

"ባልሽ የሞተ ዓመት ነበር" አሉ። "አንድ ቀን ብቻ ዝም አልኩ። ይኸው፣ ሰባት ቤት ሊያፈርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴንቲሜትር እንኳ አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም፤ ሰዉን እንዳሰለቸሁት አውቃለሁ።" ቀጥለውም፣ "ካርታው ሲለጠፍ ደግሞ አራት ቀን ዝም ብያለሁ" አሉ። "አራት ቀን ሙሉ ያን ወንበር ሳይ ነበር። ይቅር በሉኝ።"

ይቅር በሉኝ! እሳቸው እኛን! ገብቼ ውኃ አምጥቼ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ግንበኛ ጠራሁ። ያንን አጥራችንን፣ ልጅነቴን ያስለቀሰኝን አጥር፣ አስፈርሼ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ሲያልቅ መንገዱን ተሻግሬ የዚያችን የቀረች ክፍል በር አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ ጫፉን ይያዙልኝ" አልኳቸው።

ተከተሉኝ። ጫፉን ያዙ፣ እኔ ዘረጋሁ። "አትሳቢ! አሁን ሳቢ" አሉ፤ ድምፃቸው መስኮቱ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ወጥቶ ሰምቼው አላውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፣ ለኩ፣ እንደገና ለኩ።

"አሥራ ዘጠኝ ነው የገባሽው" አሉኝ ቀና ብለው። "አሥራ ስምንት ነበር ያለብሽ። አንዷ ያንቺ ናት፣ ተመልሰሽ ውሰጃት።"

"ትቅር ጋሼ፣ ግድ የለም።"

"ምን ማለት ነው ግድ የለም? ያንቺ ናት አልኩሽ እኮ!" ተቆጥተው ሄዱ።

አሁን መንገዱ ሰፍቷል፤ ከወዲያ ማዶ የባለ አምስት ፎቁ ብረት ቆሟል፤ ፀሐይ እኛ ግቢ የምትደርሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። እማዬ ግድግዳዋን እየዳሰሰች ከአልጋዋ እስከ ደጃፍ ትወጣለች፤ ያ ወንበር እስካሁን እኛ በር ላይ ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም። ጋሽ ሜትር ደክመዋል፤ አንዳንድ ቀን መንገዱን ለመሻገር ብዙ ይቆያሉ። ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። በራችንን በሜትራቸው መያዣ ያንኳኩና፣ "እንዴት አደራችሁ፣ አንድ? እስካሁን አልወሰዳችኋትም?" ይሉናል።

እማዬ "ነገ እንወስዳታለን ጎረቤቴ" ትላቸዋለች።

"ነገ ስንት ሰዓት?"

አንወስዳትም። ግንበኛው ባለፈው በዚህ ሲያልፍ "ላስተካክልልሽ ወይ?" ቢለኝ፣ እንዳትነካት ብዬ አባርሬዋለሁ። እሷን ከወሰድናት ጋሽ ሜትር በማግስቱ ምን ብለው በራችንን ያንኳኳሉ?